የታንኳ ገመድ

ሰው በሁለት ነገር ይኖራል፤ በእንጀራና በሰው። እንጀራ ሥጋውን ያቆምለታል፤ ሰው ደግሞ በታመመ ጊዜ ይጠይቀዋል፥ በሞተ ጊዜ ይቀብረዋል፥ የሙት ልጁንም ያሳድግለታል። ሁለቱ ተስማምተው በሚኖሩበት አገር ስለዚህ ነገር ሊመራመር የሚነሣ የለም፤ ጤነኛ ሰው ስለ ትንፋሹ አያስብምና። ነገር ግን እንጀራ በአንድ ወገን፥ ሰው በሌላ ወገን ቆመው፥ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ የሚባልበት ክፉ ቀን ይመጣል። በዚያ ቀን እንጀራውን የመረጠ ሰው ምን ይባላል? በደለኛ ነውን? ወይስ ልጆቹን ለማብላት የተገደደ ምስኪን ነው? ደግሞስ ጐረቤቱን ከተወ በኋላ ሊመለስ ቢወድ፥ የሚመለስበት መንገድ አለን?

ይህ ጥያቄ በጉባኤ ክርክር ብቻ ተነሥቶ የሚቀር አይደለም። በባሕር ዳር በሚኖሩ ድኾች ዓሣ አጥማጆች መንደር በእውነት ተጠይቆ፥ መልሱም በብዙ ሰው ሕይወትና ሞት የተጻፈበት አገር አለ። አገሩ ጃፓን ነው፤ ከተማይቱም ሚናማታ ትባላለች።

የጃፓን ስም ለኢትዮጵያ የተማሩ ሰዎች እንግዳ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በመልእክተኛነት ወደዚያ ሄደው ያዩትን በመጽሐፍ አስታውቀዋል። በዚያ ዘመን የነበሩ ብዙ ምሁራንም የጃፓንን ትምህርትና ፋብሪካ እያነሡ የአገራቸውን ሰው ለሥራ ያተጉ ነበር። ያ ምስጋና ሐሰት አልነበረም። ዳሩ ግን መብራት በበረታበት ቤት ጥላውም የዚያኑ ያህል ይጠቍራልና፥ ምስጋናውን የሰማ ሰው ጥላውንም ቢያውቅ መልካም ነው።

ሚናማታ በኪዩሹ ደሴት፥ በኩማሞቶ አውራጃ፥ በደቡብ ጠረፍ ላይ ያለች ከተማ ናት። ፊት ለፊቷ ያለው የሺራኑይ ባሕር በአማኩሳ ደሴቶች ስለ ተከበበ ማዕበሉ የበረደ፥ ውሃውም እንደ ሐይቅ የረጋ ነው። በዳርቻው ያሉት መንደሮች መሬታቸው ጠባብና ተዳፋት ነበርና ከእርሻ የሚያገኙት ጥቂት ነበር፤ ነገር ግን ባሕሩ ጎተራቸው ሆኖ ይመግባቸው ነበር። አንዳንዱ በመንጠቆ፥ አንዳንዱ በቅርጫት ወጥመድ ያጠምዳል፤ ኦክቶፐስ የሚሉትን ባለ ስምንት እጅ የባሕር እንስሳ የሚሹት ደግሞ የሸክላ ዕቃ በገመድ አስረው ወደ ባሕሩ ወለል ያወርዱለታል፤ እርሱም ቤት ያገኘ መስሎት ሲገባ ይያዛል። በመንጋ የሚሄደውን ደቃቅ ዓሣ ግን አንድ ሰው ብቻውን ሊይዘው አይችልም። ትልቁን መረብ የሚያወጣ ባለ መረብ አለ፤ ዘመዶቹና ጐረቤቶቹ በዙሪያው እንደ አንድ ቤተ ሰብ ሆነው መረቡን ይስባሉ፤ የተገኘውንም እንደየድርሻቸው ይካፈላሉ። ከዚህም ሌላ ብዙ የያዘ ሰው ላልያዘው ጐረቤቱ ዓሣ መላክ የቈየ ልማዳቸው ነበር።

እነዚህ ሰዎች ታንኳዎቻቸውን በሚያቆሙበት ጊዜ ጎን ለጎን አድርገው አንዲቱን ከሌላይቱ ጋራ በገመድ ያስራሉ። ይህን ማሰር በቋንቋቸው ሞያይ ይሉታል። ብቻዋን የቆመች ታንኳ በትንሽ ነፋስ ትንገላታለች፤ የተሳሰሩት ግን እርስ በርሳቸው ይደጋገፋሉ። ይኸው ቃል ሁለተኛ ትርጕም አለው፤ ባላገር ደቦ ወይም ወንፈል እንደሚለው፥ ሰዎች ተባብረው የሚሠሩትንም ሥራ ሞያይ ይሉታል። ቅኔ የተማረ ሰው ይህን ቃል ቢሰማ ኅብር ነው ይላል፤ ሰሙ የታንኳ ገመድ፥ ወርቁ የሰው ዝምድና ነውና። የሚናማታም ታሪክ የዚህ ገመድ ታሪክ ነው፤ እንዴት እንደ ላላ፥ እንዴት እንደ ተፈታ፥ ኋላም በምን ያህል ድካም ሊቋጠር እንደ ተሞከረ።

በ1908 በዚያች መንደር የኬሚካል ፋብሪካ ተተከለ፤ ኩባንያው ኋላ ቺሶ ተብሎ የታወቀው ነው። ፋብሪካውን ያመጣው ጠላት አልነበረም፤ የመንደሩ ታላላቅ ሰዎች ለእኛ ይሁንልን ብለው ደክመው ያመጡት ነው። መጀመሪያ ካርባይድ፥ ቀጥሎም የእርሻ ማዳበሪያ ይሠራበት ጀመር። መንደሩ ከተማ ሆነ፤ ባቡርና ኤሌክትሪክ፥ ሱቅና ሐኪም ቤት በዛ። ዝናምና ፀሐይ የማያሳንሰው የወር ደመወዝ ማግኘት ለድኻ ልጅ ታላቅ ነገር ነበርና፥ የኩባንያ ሠራተኛ መሆን በሕዝቡ ዘንድ እንደ ሹመት ተቈጠረ። በ1950ዎቹ ዓመታት ከከተማው የግብር ገቢ ግማሽ የሚያህለው ከፋብሪካውና ከሠራተኞቹ የሚሰበሰብ ነበር፤ በፋብሪካው አለቃ የነበረ ሰውም ከንቲባ ሆኖ ከተማይቱን ብዙ ዘመን አስተዳድሯል።

የአንዱ ክብር ከፍ ባለ መጠን የሌላው ዝቅ አለ። ዓሣ አጥማጆቹ ከከተማው ዳር የሚኖሩ ነበሩ፤ ብዙዎቹም አባቶቻቸው ከአማኩሳ ደሴቶች ፈልሰው የመጡ ስለ ሆኑ እንደ መጤ ይታዩ ነበር። የከተማው ሰው ዓሣቸውን ይገዛል፤ ልጁን ግን ሊያጋባቸው አይወድም። እነሆ፥ ገመዱ የላላው ክፉው በሽታ ከመምጣቱ በፊት ነው። ሰው በመከራ ቀን የሚጥለውን ጐረቤት አስቀድሞ በደኅናው ቀን ንቆታል፤ በማዕበል ጊዜ የሚፈታው ገመድ በጸጥታ ጊዜ ያልጠበቀው ገመድ ነው።

የባሕሩም ጉዳት ድንገት የመጣ አይደለም። ከፋብሪካው የሚወጣው እድፍ ዓሣውን እንዳራቈተባቸው አጥማጆቹ ደጋግመው ጮኸዋል። በ1926 ኩባንያው ዳግመኛ አቤቱታ እንዳታነሡ ብሎ 1,500 የን ሰጥቷቸዋል፤ በ1943ም 152,500 የን ከፍሎ የባሕሩን ጉዳት እንዲታገሡ ተዋውሏል። ገንዘቡ የተሰጠው ጉዳቱን ለማቆም አልነበረም፤ ጩኸቱን ለማቆም ነበር። በነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የሚያስተውል ሰው የኋላውን ሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው ይችላል።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ጃፓንን ባዩ በሚቀጥለው ዓመት፥ በ1932፥ ፋብሪካው አሴታልዴሃይድ የሚባለውን ነገር መሥራት ጀመረ። በዚህ ሥራ ባዜቃ፥ በዛሬው አነጋገር ሜርኩሪ የሚባለው፥ እንደ እርሾ ይገባበታል። ከሥራው የተረፈው እድፍ ከውሃ ጋራ ወደ ባሕሩ ይፈስ ነበር። በእድፉ ውስጥ ወደ ነርቭ መርዝ የተለወጠው ሜርኩሪ በዓይን ከማይታየው ደቃቅ ፍጥረት ወደ ትንሹ ዓሣ፥ ከትንሹም ወደ ትልቁ፥ ከትልቁም ወደ ሰው ማዕድ እየተከማቸ ወጣ። ዓሣው መልኩ አልተለወጠም፤ ሽታውም ጣዕሙም እንደ ወትሮው ነበር።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ በባሕሩ ላይ የሞተ ዓሣ ይንሳፈፍ፥ ወፎችም ከሰማይ ይወድቁ ጀመር። በየመንደሩ ያሉ ድመቶች ሰክረው እንደሚዘል ሰው እየተሽከረከሩ፥ አንዳንዶቹም ወደ ባሕር እየወደቁ አለቁ። ቀጥሎ የሰው ተራ ሆነ። ሜይ 1 ቀን 1956 የፋብሪካው ሐኪም ቤት አለቃ ዶክተር ሆሶካዋ ሐጂሜ ምክንያቱ ያልታወቀ የነርቭ በሽታ የያዛቸው አራት ሰዎች መገኘታቸውን ለከተማው ጤና ጥበቃ አስታወቁ። በሽተኞቹ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ የምግብ መያዣ መያዝ፥ ልብሳቸውን መቈለፍ ተሳናቸው፤ ቀጥ ብለው መሄድ አቃታቸው፤ አንደበታቸው ተኮላተፈ፤ ዓይናቸውም በቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ፊት ለፊት ያለውን ብቻ የሚያይ ሆነ። የጸናባቸው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሞቱ።

በዚህ ቦታ ከሁሉ የሚያሳዝነው ነገር አለ። ዓሣ ኀይል ይሰጣል ተብሎ ይታመን ነበርና ዘመድ ለታመመው ዘመዱ ትኩሱን ዓሣ እየመረጠ ያበላው ነበር። ከጐረቤት ወደ ጐረቤት ሲሄድ የኖረው የፍቅር ስጦታ ሰጪውም ተቀባዩም ሳያውቁት የሞት ስጦታ ሆነ። እናቶችም ራሳቸው ደኅና መስለው ሳለ መርዙ በማኅፀናቸው ወዳለው ልጅ ያልፍ ነበር፤ በዚህም ምክንያት ከልደታቸው ጀምሮ በበሽታው የተጎዱ ልጆች መኖራቸው በ1962 ተረጋገጠ። ከእናቶቹ አንዲቱ እንዲህ ሆና የተወለደችውን ልጇን፥ የእኔንና የታናናሾቿን መርዝ የተሸከመችልን የቤታችን ሀብት ናት እያለች ትጠራት ነበር። ይህን የመሰለ ፍቅር በነበረበት መንደር ነው ገመዱ የተፈታው።

መጀመሪያ የፈታው ፍርሃት ነው። በሽታው ተላላፊ ነው ተብሎ ስለ ተወራ በሽተኞቹ ተለይተው ተቀመጡ፤ ቤታቸው መድኃኒት ተረጨበት። የመንገደኛ እግር ከደጃቸው ራቀ፤ ባለ ሱቁም ገንዘባቸውን በእጁ ለመቀበል ፈራ። በዚያው በ1956 በኖቬምበር ወር የኩማሞቶ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በሽታው ተላላፊ እንዳልሆነ፥ ከባሕሩ ዓሣ የሚመጣ መርዝ እንደ ሆነ ገመቱ፤ ነገር ግን እውነት ቀስ ብላ ስትሄድ ሐሜት ፈረስ ይጋልባልና የፈሩት ብዙዎች ወደ ድሮው አልተመለሱም።

ሁለተኛው የፈታው የእንጀራ ነገር ነው፤ ይህም ከመጀመሪያው ይልቅ የበረታ ነበር። በ1957 የዚያ ባሕር ዓሣ እንዳይሸጥ በሕግ ይከልከል ተብሎ ቢጠየቅ፥ ዓሣው ሁሉ መርዝ ለመሆኑ ማስረጃ የለም ተብሎ ከመንግሥት ተመለሰ። በ1958 ፋብሪካው የእድፉን መውረጃ ከወደቡ ወደ ወንዙ አፍ ቢያዛውረው በሽታው አዳዲስ መንደሮችን ያዘ። በ1959 በጁላይ ወር የዩኒቨርሲቲው ሊቃውንት መርዙ የሜርኩሪ ዓይነት መሆኑን ገልጠው ተናገሩ።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል። ዶክተር ሆሶካዋም በሐኪም ቤታቸው ድመቶችን ሰብስበው ምርመራ ያደርጉ ነበርና፥ የአሴታልዴሃይዱን እድፍ ከምግብ ጋራ እየቀላቀሉ ያበሏት 400 ቍጥር የተሰጣት ድመት በኦክቶበር 1959 በዚያው በሽታ ተያዘች። ዘንዶው ተገኘ፤ ከራሳቸው ቤትም ወጣ። የኩባንያው አለቆች ምርመራው እንዲቆም አዘዙ፤ ነገሩም ተሰወረ። እኒያ መጀመሪያ እውነትን ለሕዝብ ያስታወቁ ሐኪም አሁን ዝም አሉ።

ኖቬምበር 2 ቀን 1959 የሺራኑይ ባሕር ዓሣ አጥማጆች ተሰብስበው፥ እድፉን የሚያጠራ መሣሪያ እስኪተከል ድረስ ሥራው ይቁም ብለው ቢጠይቁ አልሰማ ስላሏቸው ፋብሪካውን ሰብረው ገቡ፤ ብዙ ሰውም ተጎዳ። ከጥቂት ቀን በኋላ ከንቲባው፥ የከተማው ምክር ቤት፥ የነጋዴዎች ማኅበርና የሠራተኞች ማኅበር በአንድነት ወደ አውራጃው ገዥ ሄደው፥ የፋብሪካው ውሃ ቢቆም ከተማው ይጠፋልና አይቁም ብለው ለመኑ። ጐረቤት በጐረቤቱ ላይ እንዲህ ባለ ግልጥነት ቆመ። በዲሴምበር ወር የማጥሪያው መሣሪያ ሲመረቅ የኩባንያው አለቃ ከውሃው በአደባባይ ጠጣ፤ ዳሩ ግን መሣሪያው ሜርኩሪውን የሚያስቀር አልነበረም። ዲሴምበር 30 ቀን የኀዘን መጠየቂያ በሚባል ስም ውል ተጻፈ፤ ለሞተ ሰው 300,000 የን፥ ለታመመ አዋቂ በዓመት 100,000 የን፥ ለሕፃን 30,000 የን። በውሉም ወደ ፊት ምክንያቱ ፋብሪካው መሆኑ ቢታወቅ እንኳ በሽተኞቹ ሌላ ካሣ እንዳይጠይቁ ተጻፈበት። ዓመቱ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፥ ቤታቸው ባዶ የሆነባቸው ድኾች ፈረሙ። ፋብሪካውም ያንኑ ሥራ እስከ 1968 ቀጠለ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው መመለስ ይገባል። ከገዥው ፊት ቆመው የለመኑት የከተማው ሰዎች ምን ይባላሉ? ስለ እነርሱ የሚከራከር ሰው እንዲህ ይላል፦ እነዚህ ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ ፋብሪካው ቢዘጋ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ቤተ ሰብ ይራብ ነበር፤ ከተማ ሁሉ ከሚጠፋ ጥቂት መንደሮች ቢጎዱ ይሻላል። ይህ ክርክር አዲስ አይደለም፤ አንዱን ለብዙዎች ደኅንነት አሳልፎ መስጠት የሚል ምክር በጥንት ዘመንም በሸንጎ ተነግሯል፤ ተናጋሪው ማን እንደ ነበረም አንባቢ ያውቃል። ቢሆንም ምክሩ የሚናቅ ሳይሆን የሚመረመር ነው።

በመጀመሪያ፥ ምርጫው በእውነት በረኃብና በመርዝ መካከል አልነበረም። አጥማጆቹ የጠየቁት እድፉ እስኪጠራ ድረስ እንዳይፈስ ነው እንጂ ከተማው እንዲራብ አይደለም። ሦስተኛ መንገድ ነበረ፤ ነገር ግን ወጪው የኩባንያው ስለ ሆነ ማንም ደፍሮ አላነሣውም። ብዙ ጊዜ ሁለት መንገድ ብቻ አለ የሚለው ሰው ሦስተኛውን መንገድ በራሱ ገንዘብ መጥረግ ያልወደደ ሰው ነው።

ሁለተኛም፥ ሰው ስለ ሌላው ብሎ የራሱን እንጀራ መተው ይችላል፤ ይህም ትሩፋት ይባላል። ነገር ግን ስለ ራሱ እንጀራ የሌላውን ነፍስ መተው አይችልም፤ ያልሰጡትን ሰጡ ማለት ነውና። ጥቂቶቹ ለብዙዎቹ ተሠዉ የሚለው ቃል በአፍ ያምራል፤ ዳሩ ግን ማንም ጥቂቶቹን ፈቃዳቸውን አልጠየቃቸውም።

ሦስተኛም፥ መርዝ ወሰን አያውቅም። ከዚያ ባሕር የወጣው ዓሣ በከተማው ገበያ ይሸጥ ነበር፤ የሠራተኛውም ልጅ ይበላው ነበር። እውነቱ ተሰውሮ ስለ ቈየም ያንኑ ሥራ የሚሠራ የሌላ ኩባንያ ፋብሪካ በኒጋታ አውራጃ በአጋኖ ወንዝ ዳር የሚኖሩትን ሰዎች በዚያው በሽታ መታ፤ ይህም በ1965 ታወቀ። በሚናማታ ዝም የተባለው ቃል ሩቅ ባለ ወንዝ ዳር ሰው ገደለ።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን ዝም ያሉትን ሁሉ በአንድ ሚዛን መመዘን ትክክለኛ ፍርድ አይሆንም። ዝምታ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው የማያውቅ ሰው ዝምታ ነው፤ በእርሱ ላይ ወቀሳ የለም። ሁለተኛው የሚፈራ ሰው ዝምታ ነው፤ በደል አለበት፥ ነገር ግን ምሕረት የሚገባው በደል ነው፤ በማታ የልጆቹን ፊት እያየ ዝም ብሏልና። ሦስተኛው እያወቀ የሚሰውር ሰው ዝምታ ነው፤ ይህ ዝምታ ከንግግር ይከፋል። ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ነው። በዋና ጽሕፈት ቤቱ ተቀምጦ የድመቷን ነገር የደበቀ አለቃና ከሥራዬ እባረራለሁ ብሎ አፉን የያዘ የቀን ሠራተኛ አንድ አይደሉም። ነገር ግን ሁለተኛው ዝምታ ባይኖር ሦስተኛው ባልቈመ ነበር፤ የትልቁ ሐሰት ምሰሶ የትንንሾች ፍርሃት ነው።

መናገር ፈጽሞ የማይቻል እንዳልነበረም ምስክር አለ። ኢሺሙሬ ሚቺኮ የተባሉ የዚያው ከተማ ሴት፥ ባለ ትዳርና የልጅ እናት፥ ማንም ሳያዛቸው በሽተኞቹን እየጠየቁ ያዩትንና የተሰማቸውን ጽፈው በ1969 መጽሐፍ አወጡ። ሐራዳ ማሳዙሚ የሚባሉት ሐኪምም ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ከማኅፀን ጀምረው የታመሙትን ልጆች መረመሩ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የፋብሪካው ሠራተኞች ነገር ነው። በ1962 እና በ1963 ስለ ደመወዝ ከኩባንያው ጋራ ተጣልተው ሥራ ባቆሙ ጊዜ ማኅበራቸው ለሁለት ተከፍሎ ብዙ መከራ አዩ፤ ራሳቸው በተገፉ ጊዜ የተገፉትን አሰቡ። በኦገስት 1968 ከሁለቱ ማኅበር አንዱ፥ እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ በሽተኞቹ ሳይታገል መቅረቱ ለሰውም ለሠራተኛም ኀፍረት መሆኑን በአደባባይ አስታወቀ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር መንግሥት በሽታው ከፋብሪካው እድፍ የመጣ መሆኑን አመነ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ይህ ንጋት ግን ከ1956 ጀምሮ 12 ዓመት ፈጅቷል።

በ1969 29 ቤተ ሰቦች ከኩባንያው ጋራ ክርክር ገጠሙ። ዶክተር ሆሶካዋ በ1970 በጁላይ ወር በታመሙበት አልጋ ላይ ሆነው ስለ ድመቷ የሚያውቁትን ለዳኞች መሰከሩ፤ ከሦስት ወር በኋላም ዐረፉ። ዝምታቸው ረዥም ነበር፤ ነገር ግን ይዘውት ወደ መቃብር አልወረዱም። የኩማሞቶ ፍርድ ቤት ማርች 20 ቀን 1973 ኩባንያውን ጥፋተኛ አደረገ፤ የ1959ኙንም ውል ከመልካም ጠባይ ውጪ ነው ብሎ ሻረው። ለእያንዳንዱ በሽተኛ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የን እንዲከፈል ተወሰነ።

ፍርዱ እውነተኛ ነበር፤ ገመዱ ግን በፍርድ አልተቋጠረም። ከክርክሩም በፊት በሽተኞቹ ራሳቸው በሽምግልና እንጨርስ የሚሉና እንከራከር የሚሉ ሆነው ተለያይተው ነበር። ገንዘቡ ሲከፈል ደግሞ ቅናት ተነሣ፤ ሳይታመም ታመምሁ ይላል የሚል ሐሜት በዛ። ልጄን የሚያገባት አይገኝም፥ ዓሣዬን የሚገዛኝ አይኖርም እያሉ በሽታቸውን ደብቀው የኖሩም ብዙዎች ናቸው። እስከ ዛሬ በመንግሥት ተጠቂ ናቸው ተብለው በኩማሞቶና በጎረቤቱ በካጎሺማ አውራጃ የተመዘገቡት ከ2,200 ይበልጣሉ፤ በሌላ መንገድ ካሣ ያገኙት ግን በብዙ አሥር ሺህ ይቈጠራሉ። ካሣ ዕዳን ይከፍላል፤ ለታመመ መድኃኒት፥ ለሙት ልጅ ልብስ ይሆናል፤ ስለዚህ ሊከለከል አይገባም። ነገር ግን ንቆ የኖረውን ልብ አይለውጥም፤ ደጁን የዘጋውንም ጐረቤት አያስከፍተውም።

ኦጋታ ማሳቶ የሚባሉ ዓሣ አጥማጅ ይህን በራሳቸው ሕይወት አስተዋሉ። አባታቸው ባለ መረብ ነበሩ፤ በ1959፥ ልጁ ገና 6 ዓመት ሲሆናቸው፥ በዚሁ በሽታ ሞቱ። ኦጋታ አድገው ስለ በሽተኞች መብት ብዙ ዓመት ተሟገቱ፤ በ1985 ግን የራሳቸውን የካሣ ማመልከቻ መልሰው ወሰዱ። ነገሩ ሁሉ የገንዘብ ሒሳብ ሆኖ፥ ይቅር በሉን የሚል ሰው ከሕንፃዎቹ ውስጥ ሊገኝ አልቻለምና። ከዚያም ራሳቸውን፥ እኔ በዚያ ፋብሪካ ሠራተኛ ብሆን ኖሮ ከእነርሱ የተለየ ነገር አደርግ ነበርን ብለው ጠየቁ፤ አደርግ ነበር ብለው መማል እንዳልቻሉም ገለጡ። በ2001 ያሳተሙትን መጽሐፍ ቺሶ እኔ ነበርሁ የሚል ስም ሰጡት። ይህን ቃል ኩባንያው ቢናገረው ማምለጫ ይሆንበት ነበር፤ ተበዳዩ ሲናገረው ግን ለሁሉ ሰው መስተዋት ሆነ።

ሜይ 1 ቀን 1994 ለሞቱት መታሰቢያ በተደረገበት ቀን የከተማው ከንቲባ ዮሺይ ማሳዙሚ ከተማው በሽተኞቹን ስለ ተወ በአደባባይ ይቅርታ ጠየቁ፤ ከከንቲባዎች ይህን ያደረገ የመጀመሪያው ሰው እርሳቸው ናቸው። ስለ ወደፊቱም ሞያይ ናኦሺ የሚል ቃል አነሡ፤ የተፈታውን የታንኳ ገመድ እንደ ገና ማሰር ማለት ነው። ከተማው ቃሉን የወሰደው ሲንቃቸው ከኖሩት ከዓሣ አጥማጆች አንደበት መሆኑ ሊስተዋል ይገባል። ያን ጊዜ በሽታው ከታወቀ 38 ዓመት ሆኖት ነበር። የባሕሩ አፍ ከ1974 ጀምሮ በመረብ ታጥሮ ኖሮ፥ በ1997 ዓሣው ደኅና ነው ተብሎ አጥሩ ተነሣ። መርዙ የሰፈረበትም ጭቃ ተዝቆ፥ ከባሕሩ ተከልሎ 58 ሄክታር በሆነ መሬት ሥር ተቀበረ።

ገመዱ ግን እንደ ጭቃው አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያበቃ ነገር አይደለም። በ2013 ሜርኩሪን የሚከለክለው የመንግሥታት ውል በሚናማታ ስም ተጠራ፤ ይህ ታላቅ ክብር ነው። ሆኖም ከዚያ በኋላ ሜይ 1 ቀን 2024 በሽተኞችና ዘመዶቻቸው በዚያው መታሰቢያ ቀን ችግራቸውን ለሚኒስትሩ ሲናገሩ፥ የተፈቀደላችሁ 3 ደቂቃ አልቋል ተብሎ የድምፅ ማጉያው ተዘጋባቸው፤ ሚኒስትሩም ኋላ ተመልሰው ይቅርታ ጠየቁ። ያልተጠበቀ ቋጠሮ በአንዲት ደቂቃ ይላላል።

እንግዲህ በመጀመሪያ ለተነሣው ጥያቄ ሚናማታ የሰጠችው መልስ ይህ ነው። ስለ እንጀራው ብሎ ጐረቤቱን የተወ ሰው በደለኛ ነው፤ ነገር ግን ከመመለስ የተከለከለ በደለኛ አይደለም። የሚመለስበትም መንገድ አንድ ነው፤ አይቼ ዝም ብያለሁ ብሎ በራሱ አፍ መናገር። ያለዚህ ቃል የሚሰጥ ገንዘብ እንደ 1926ቱ ገንዘብ የአፍ መዝጊያ ይሆናል፤ ከዚህ ቃል በኋላ የሚሰጥ ግን ጥቂትም ቢሆን ካሣ ይባላል። ተበጥሶ የተቀጠለ ገመድ እንደ ድሮው ልስልስ አይሆንም፤ ቋጠሮው እጅን ይቈረቍራል። ይህም መልካም ነው፤ ገመዱን የሚይዝ ሁሉ አንድ ጊዜ ተበጥሶ እንደ ነበረ እንዲያስታውስ ያደርገዋልና።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ፋብሪካ የሌላት ከተማ ዛሬ የለችም፤ ነገም የባሰ ይበዛል፤ እንጀራም ስለሚገኝበት የሚጠላው የለም። ነገር ግን ማዕበል በመጣ ቀን ታንኳዎች በአንድነት ይቆሙ እንደ ሆነ የሚታወቀው በጸጥታው ቀን እንዴት እንደ ታሰሩ ነው። ብልህ ሰው ባሕሩ ሳይናወጥ ወደ ወደቡ ወርዶ ገመዱን ይነካል፤ የላላውንም ያጠብቃል።